በ6 ወር ኤሲሲኤ የሚባል ነገር የለም!

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነው። የሚቸኩል ሰው ሴቭ ያድርገውና ማታ ያንብበው። የድሮ ተማሪዎቼ ግን፣ በተለይ አካውንቲንግ ተመርቃችሁ ቤት የተቀመጣችሁ፣ ይሄን ሳታነቡ ለማንም ብር እንዳትከፍሉ።

ሰሞኑን ፌስቡኩም ቴሌግራሙም በአንድ ዓይነት ማስታወቂያ ተጥለቅልቋል። ሱፍ የለበሰ ልጅ፣ ከኋላው የለንደን ድልድይ፣ ከሥሩ በትልቁ «በ6 ወር ኤሲሲኤ ይሁኑ! ማለፍ 100% የተረጋገጠ! ቦታ ሳይሞላ ይመዝገቡ!» ይላል። እኔ በወር ቢያንስ አምስት ተማሪ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» እያለ ይጠይቀኛል። ለእያንዳንዱ መመለስ ደከመኝ። እነሆ መልሱ በአደባባይ፦ ውሸት ነው።

ሂሳቡን አብረን እንሥራ፤ የሂሳብ ሰዎች ነን'ኮ። ፈተናው በጠቅላላ 13 ነው። ሦስቱ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ስድስቱ የመካከለኛ፣ አራቱ የመጨረሻ ደረጃ። ከመጨረሻዎቹ አራት ሁለቱ ግዴታ ናቸው፤ ሁለቱን ከአራት አማራጭ ትመርጣለህ። ዋናዎቹ ፈተናዎች በዓመት አራት ጊዜ ይሰጣሉ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር። በአንድ ወቅት ከ4 በላይ መፈተን አይፈቀድም። የማለፊያው ነጥብ 50 ነው። ይሄ ሁሉ አልቆ እንኳን አባል አትሆንም። የ36 ወር የሥራ ልምድ በኃላፊ ተረጋግጦ መቅረብ አለበት፤ የሥነ ምግባርና የሙያ ክህሎት ሞጁልም አለ። ሠላሳ ስድስት ወር! ሦስት ዓመት ማለት ነው። እንግዲህ ስድስት ወሩ ከየት መጣ? የትኛው ቀመር ነው 36ን ወደ 6 የሚያወርደው?

«አይ ቲቸር፣ እነሱ የሚሉት ዲግሪ ላለው ነው፤ ዘጠኙ ነፃ ይሆንለታል» የምትሉኝ አላችሁ። ጥሩ፣ እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ትልቁ ማጭበርበር ያለው እዚህች «ነፃ» የምትባል ቃል ውስጥ ነው።

ነፃ ሲባል ከፈተናው ነፃ ነው እንጂ ከክፍያው ነፃ አይደለም። ያልተፈተንክበትን እያንዳንዱን ወረቀት ትከፍልበታለህ። በፓውንድ። የምዝገባ ክፍያ ለብቻው፣ የዓመት መዋጮ ለብቻው፣ የፈተና ክፍያ ለብቻው። መዋጮው ደግሞ አንድም ፈተና ባትቀመጥ በየዓመቱ ይመጣል። ስንት ወረቀት ነፃ እንደሚሆንልህ የሚወስነውም ማስልጠኛው ሳይሆን ራሱ ድርጅቱ ነው፤ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ፣ ምን ተምረህ እንደወጣህ አይቶ ይወስናል። ይሄን ማንም ሰው ብር ሳይከፍል ድረ ገጻቸው ላይ ገብቶ የዩኒቨርሲቲውን ስም መርጦ ማየት ይችላል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የኛ ሰዎች ግን ለዚህች ለአምስት ደቂቃ ሥራ «የማማከር አገልግሎት» ብለው ብር ይቀበላሉ።

አንዲት ተማሪዬ ነበረች። ስሟን አልጠራም። ክፍል ውስጥ ከፊት የምትቀመጥ፣ ደብተሯ ላይ ዴቢትና ክሬዲቱን በሁለት ቀለም የምትጽፍ ልጅ። ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ በአካውንቲንግ ተመረቀች፣ የመውጫ ፈተናውንም በአንዴ አለፈች። ሥራ የለም። ሁለት ዓመት። ከዚያ አንድ ማሠልጠኛ 45 ሺህ ብር አስከፈላት። አባቷ ወይፈን ሸጠው ነው። ስድስት ወር ቅዳሜና እሁድ ተመላልሳ ተማረች። ሲያልቅ ፎቶ ተነሱ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ የተሳትፎ ወረቀት ተሰጣት። ደወለችልኝ፣ «ቲቸር፣ አሁን እንግዲህ ሲቪዬ ላይ ኤሲሲኤ ብዬ መጻፍ እችላለሁ አይደል?» አለችኝ። «የተማሪነት ቁጥርሽ ስንት ነው?» አልኳት። «የምን ቁጥር?» አለች። ወዳጆቼ፣ ልጅቷ አልተመዘገበችም! ድርጅቱ እሷ የምትባል ሰው በዓለም ላይ መኖሯን አያውቅም። ስድስት ወር ሙሉ ማንም ሰው «መጀመሪያ ተመዝገቢ፤ ይሄ ክፍያ ከዚያኛው ይለያል» አላላትም። ስትጠይቃቸው ምን አሏት? «እኛ ያስተማርነው ትምህርቱን ነው፤ ምዝገባ የራስሽ ጉዳይ ነው» አሏት። ምን ትበል? አባቷን ምን ብላ ትንገራቸው?

እኔን የሚያናድደኝ ብሩ ብቻ አይደለም። ልጆቹ ፈተናውን ራሱን ሳያዩት እንዲሰለቹት መደረጋቸው ነው። ከዚህ በኋላ ይቺን ልጅ «ሙያው ጥሩ ነው፣ ተፈተኚ» ብላት ትሰማኛለች?

እሺ፣ ተመዝግበው የሚማሩትስ? እዚያም ሌላ ጉድ አለ። «የወርቅ ጥያቄዎች» የሚባል የቴሌግራም ቻናል ታውቃላችሁ። ለ12ኛ ክፍል ነበር የጀመረው፣ ከዚያ ለመውጫ ፈተና ሆነ፣ አሁን ለሙያ ፈቃድ ደረሰ። ጥያቄና መልስ፣ ጥያቄና መልስ፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ማብራሪያ የለውም። ልጁ አንድ ሺህ ጥያቄ ሸምድዶ ይሄዳል፤ ፈተናው አንድ ቁጥር ቀይሮ ሲመጣ ያልቅለታል።

ምሳሌ ልስጥ። አንድ ድርጅት ማሽን በ1,200,000 ብር ገዛ። ለማጓጓዣና ለመትከያ 50,000 ብር ከፈለ። ሠራተኞቹን ማሽኑን እንዲያንቀሳቅሱ ለማሠልጠን 30,000 ብር አወጣ። የማሽኑ ዋጋ በመዝገብ ላይ ስንት ነው? ከነዚህ ቻናሎች በአንዱ ላይ በዓይኔ ያየሁት መልስ 1,280,000 ነው፤ ሁሉንም ደምሮታል። ስህተት ነው። ስለ ቋሚ ንብረት የሚናገረው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይ ኤ ኤስ 16፣ የሠራተኛ ሥልጠናን በግልጽ ያስወጣዋል፤ የዚያው ዓመት ወጪ ነው። ስለዚህ ማሽኑ 1,250,000 ነው። አምስት ዓመት ያገለግላል፣ መጨረሻ ላይ የሚሸጥበት ዋጋ የለውም ብንል የእርጅና ቅናሹ በዓመት 250,000 ነው። ትክክለኛው የመጀመሪያ ዓመት ወጪ ከሥልጠናው ጋር 280,000 ይሆናል። የቻናሉ መልስ ግን 256,000 ብቻ ያሳያል። ትርፉ በ24,000 ብር ተነፋ ማለት ነው። በዚህ በተነፋ ትርፍ ላይ ባለአክሲዮን ድርሻ ይካፈላል፣ ባንክ ብድር ይወስናል። ፈተናው ደግሞ «ስንት ነው?» ብሎ አይተውህም። ከመካከለኛው ደረጃ ጀምሮ «ሥራ አስኪያጁ የሥልጠናው ወጪ ለምን በማሽኑ ላይ እንዳልተደመረ አልገባውም፤ አስረዳው» ሊልህ ይችላል። ለሥራ አስኪያጅ «መልሱ ለ ነው» ትለዋለህ?

በፋይናንስ ሪፖርት ፈተና ከ100 ነጥብ 40ው ራስህ ጽፈህና ሠርተህ የምታሳየው ነው። ኦዲቱ ላይ ከዚያም ይበልጣል። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስትደርስ ከ3 ሰዓት በላይ ቁጭ ብለህ ገጽ በገጽ የድርጅት ታሪክ እያነበብክ፣ ሪፖርት እየጻፍክ፣ ለቦርድ ምክር እየሰጠህ ነው። ይሄ የሽምደዳ ፈተና አይደለም፤ የንባብ ፈተና ነው። ፈታኞቹ ከየፈተናው በኋላ ተፈታኞች የት እንደሚወድቁ ሪፖርት ያወጣሉ፤ እያነበብኩ አያለሁ። ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ ተፈታኙ የተጠየቀውን ትቶ የሚያውቀውን ይጽፋል። ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ። የኔን ክፍል የጎበኙት ነው የመሰለኝ!

እዚህ ላይ እንደ መምህር ልናገር። በብዙ ቦታ ልጁ እስከ ስምንተኛ ክፍል አብዛኛውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ ዘጠነኛ ላይ ድንገት ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። መምህሩም እንደኔ ነው፤ በአማርኛ አስረድቶ ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ ያጽፋል። ልጁ ቃሉን ይይዛል፣ ዓረፍተ ነገሩ ያመልጠዋል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ነበር፤ በ2015 ደግሞ 3.2፤ በ2016 ወደ 5.4 ከፍ አለ ብለን ተደሰትን። ከዚህ ሜዳ ላይ ተነስቶ በእንግሊዝኛ አሥር ገጽ አንብቦ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው በ6 ወር አይወጣም። ይወጣል የሚል ሰው ወይ አስተምሮ አያውቅም፣ ወይ ብር ይፈልጋል።

አሁን ደግሞ በሌላ በኩል ያሉት ይቆጡኛል። እነሱም አሉ። «ፈተናው ራሱ ምን ያደርጋል? አሥራ አምስት ዓመት በሂሳብ ሠራተኝነት የሠራ ሰው በልምዱ ብቻ ፈቃድ ይሰጠው» የሚሉ። ከነሱ መሀል የማከብራቸው ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ከኔ በላይ መዝገብ የያዙ ናቸው። ግን አልስማማም። አሥራ አምስት ዓመት ልምድና አንድ ዓመት ልምድ አሥራ አምስት ጊዜ መደጋገም አንድ አይደሉም። እስቲ በየከተማው ያለውን የማኅተም ኪራይ እናስታውስ። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ መዝገብ መያዝ ግዴታው ነው። መዝገቡን የሚሠራው በትንሽ ብር የተቀጠረ አዲስ ተመራቂ ነው፤ ፈቃድ ያለው ሰው መዝገቡን ሳይገልጥ ይፈርማል፣ ያትማል፣ ብሩን ይዞ ይሄዳል። ሁላችንም እናውቃለን፤ ዝም ብለን ነው። ፈተናውን ካነሳንማ የሚከራየውን ማኅተም ነው የምናበዛው። ፈቃድ ማለት «ይሄን ቁጥር አይቼዋለሁ፣ ሐሰት ቢሆን እኔን ጠይቁኝ» ማለት ነው። ይሄን የሚል ሰው አንድ ቦታ ላይ መፈተን አለበት።

ስለዚህ የኔ ጥል ከፈተናው ጋር አይደለም። ጥሌ ከመንገዱ ጋር ነው። መንገዱ ላይ ካሉት ውስጥ ደግሞ ማሠልጠኛዎቹ ትንሾቹ ናቸው፤ ትልቁም አለ።

የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል። በእሱ መሠረት የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቋመ፤ ድርጅቶች በአይ ኤፍ አር ኤስ ሪፖርት እንዲያደርጉ ግዴታ መጣ። ጥሩ ነው፤ ደግፌ ለክፍሌም አስተምሬበታለሁ። ግን ግዴታው ሲመጣ ግዴታውን የሚሸከመው ሰው ከየት እንደሚወጣ ማን አሰበ? የኔ ተማሪ ዛሬም ዓለም አቀፍ ፈቃድ ሲፈልግ የሚከፍለው በፓውንድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ በላይ ሄደ፤ ፓውንድም አብሮ። ክፍያው በእንግሊዝ አልጨመረም፤ በደብረ ብርሃን ግን እጥፍ ሆነ። ደሞዛችን እጥፍ አልሆነም፤ ይሄን ለአስተማሪ ማስረዳት አያስፈልግም። ብሩ ቢገኝ እንኳን ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ከየት ይመጣል? ካርድ ያለው ዘመድ ውጭ ያለው ነው። ሌላው በደላላ በኩል ይከፍላል፣ ደላላው ከላይ ይቆርጣል።

ኬንያን እዩ። ከ1969 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ካስኔብ የሚባል የራሳቸው ፈታኝ ቦርድ አላቸው። የናይሮቢ ልጅ ሲፒኤ ለመሆን የሚፈተነው በአገሩ ነው፣ የሚከፍለው በሽልንግ ነው። ዩጋንዳም የራሷ ሲፒኤ አላት። እነሱ ኤሲሲኤን አልከለከሉም፤ የሚፈልግ ይማረዋል። ግን የቤት በር አላቸው። የኛ ልጅ ቤት ለመግባት በለንደን ዞሮ ነው የሚመጣው። የሚገርማችሁ፣ የግብር ፈተናው በየአገሩ ሕግ የተዘጋጀ ዓይነት አለው፤ የኛ ልጆች በብዛት የሚቀመጡት ግን ለእንግሊዙ ነው። የእንግሊዝን የገቢ ግብር አንድ በአንድ አጥንቶ ያለፈ ልጅ እዚህ መጥቶ ስለ አዋጅ 979/2008 ሲጠየቅ ሊሰናከል ይችላል። በልጁ አልፈርድም። የተፈተነው በሌላ አገር ሕግ ነዋ!

እኔ የምለው አገር ውስጥ፣ በብር የሚከፈልበት፣ የራሳችንን የግብርና የንግድ ሕግ የሚጠይቅ፣ ማንም የማይሰርቀው ፈተና ይኑረን ነው። ይክበድ። ከፈለጉ ከኤሲሲኤ ይክበድ። ነገር ግን የሚወድቀው ልጅ ባለማወቁ ይውደቅ እንጂ የፓውንድ ምንዛሪ ባለማግኘቱ አይውደቅ።

እስከዚያው ድረስ ግን ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። ዲግሪ የሌላችሁ በተለይ ስሙኝ፤ እኔም ዲፕሎማ ነው ያለኝ፤ «ዲግሪ ከሌለህ አይሞከርም» ብለው ሲያስፈራሩኝ ኖረዋል። አይሞከርም የሚባል ነገር የለም። ከታች የሚጀምር የፋውንዴሽን መንገድ አለ፤ ዲግሪ አይጠይቅም። የመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች መዝገብ አያያዝ ናቸው፣ ከዚያ ወደ ሦስቱ የመጀመሪያ ደረጃ ወረቀቶች ያደርሱሃል፣ ከዚያ ዋናው ውስጥ ገባህ። ረጅም ነው፤ ግን እያንዳንዱን ደረጃ ስትጨርስ በእጅህ የምትይዘው የራሱ የምስክር ወረቀት አለው። እኔ በዚህ ነው የምሄደው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተፈትኜ፣ 130 ኪሎ ሜትር ሄጄ አዲስ አበባ ተቀምጬ፣ ማታ በመኪና ተመልሼ። ቀስ እያልኩ ነው፤ አምስት ዓመት ከፈጀ አምስት ዓመት ይፍጅ።

ማጥናቱን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ይለያያል። ማስታወሻና የቪዲዮ ትምህርት ኦፕን ቱዊሽን የሚባል ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ፤ ይሄኛው «ነፃ» እውነተኛው ነፃ ነው። ያለፉ ጥያቄዎች፣ የፈታኞች ሪፖርት፣ የመለማመጃ ፈተና ራሱ ድርጅቱ ጋ አለ። የወርቅ ጥያቄ የሚሸጥላችሁ ሰው ከዚያው በነፃ አውርዶ ነው የሚሸጥላችሁ። አንድ ወረቀት ብቻ ያዙ። ሁለት አትያዙ፤ በተለይ ሥራ ላይ ያላችሁ። መልሱን ከማየታችሁ በፊት በወረቀት ሥሩት፣ ከዚያ ለምን እንደሆነ በአማርኛ ለሆነ ሰው አስረዱት፤ ለእናታችሁም ይሁን። በአማርኛ ማስረዳት ካልቻላችሁ አልገባችሁም ማለት ነው። ከዚያ በእንግሊዝኛ ጻፉት። ቀን በቀን አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አንብቡ፤ የባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ጥሩ ነው፣ ከጀርባ ያለው ማብራሪያ ሁሉ አይ ኤፍ አር ኤስ ነው፣ ባንኮቹም ድረ ገጻቸው ላይ ያወጡታል።

ማስተማር ለሚችሉ፣ በሐቅ ለሚያስተምሩ ማሠልጠኛዎች ክብር አለኝ፤ እንዳሉም አውቃለሁ። ጥሩ አስተማሪ ዓመት ያሳጥራል። እነሱን ከሌሎቹ የምትለዩበት ቀላል መንገድ አለ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። የኔ የተማሪነት ምዝገባ በዚህ ክፍያ ውስጥ አለ ወይስ የለም? የትኛውን ወረቀት ነው የምታስተምሩት፣ አስተማሪው ራሱ ያንን ወረቀት አልፏል? ብወድቅ ምን ይሆናል? በጽሑፍ ይመልሱ። «ኋላ እንነጋገራለን» ካሉ ጫማችሁን አንሱ።

የማስታወቂያው ባለቤቶች ይሄን እንደምታነቡት አውቃለሁ፤ ባለፈው አንዱ «ቅናት ነው» ብሎኛል። እሺ፣ ቅናት ይሁን። ኮሜንት ላይ ስትመጡ ግን ስድቡን ትታችሁ በ6 ወር 13ቱን አልፎ የ36 ወሩን ልምድ ያሟላ አንድ ተማሪያችሁን ይዛችሁልኝ ኑ። አንድ ብቻ።